የወረደው ስኳር

ይድረስ ለእትዬ፣ ሐይቅ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ሰነበቱልኝ እትዬ? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው ወይ? ያቺ የታመመች ላምስ ተነሳች? አዲሱ መነጽር እንደተስማማዎ የጎረቤትዎ ልጅ ሳና ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ ያለ ሰው እገዛ እንዲያነቡት ብዬ ፊደሉን አተልቄ ነው የምጽፈው። እኛን ከጠየቁ፣ ልጃችን ናዲያ ደህና ናት፤ ትምህርቷንም አላቋረጠችም። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ፤ አልሐምዱሊላህ።

እንዳልደውል ስልክ ላይ ድምፅ አይለይልዎትም። ያለፈው ረመዳን ናዲያ “አክስቴ፣ አክስቴ” እያለች ስትጮህ እርስዎ ወዲያ ማዶ “ማነህ አንተ?” ሲሉ፣ ወንድምዎ ሙነወር ሶፋው ላይ ተኝቶ እንባው እስኪፈስ የሳቀውን አልረሳውም። ሳና ትንገርዎት እንዳልል ደግሞ ይህን ነገር በልጅ አፍ መላክ ከበደኝ። እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ሳይጨርሱም አይነሱ። ብዙ ነገር ደብቀንዎታል። የደበቅነው ንቀን እንዳልሆነ እንዲገባዎ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሙነወር ስኳር እንዳለበት ያወቀው ናዲያ ገና ጡት ሳትጥል ነው። ያኔ ከላምበረት ደሴ የሚመላለሰውን ትልቁን አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ሐኪሞቹ ስሙን ሲነግሩት የታየው የአባታችሁ ነገር ነው። እግራቸው ሲቆረጥ እሱ ትንሽ ልጅ እንደነበረና እንዳያይ ብለው እርስዎ አዝለው ከሆስፒታሉ እንዳወጡት ስንቴ ነግሮኛል። ስኳር ማለት ለእሱ እግር ማለት ነበር። ከመኝታው ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው የእግሩን ጣቶች ነው፤ አንድ በአንድ ይነካካቸዋል፤ ከዚያ “አሉ” ይለኛል። ስለ ኩላሊት ግን አንድም ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እኔም አንስቼበት አላውቅም።

ካቻምና አረፋ ካለፈ በኋላ ለቁጥጥር ሄዶ ስኳሩም የደም ቅባቱም ከፍ ብሎ ተገኘ። ኪኒን ጨመሩለት፤ ጮማ ቀንስ፣ በእግርህም ሂድ አሉት። ከመገናኛ አያት ሚኒባስ ሲነዳ የሚውል ሰው መቼ ነው በእግሩ የሚሄደው? በዚህ ሲጨነቅ ሳለ አንድ ቀን ጋቢና የተሳፈረች ሴትዮ ስለ አንድ ዱቄት አወራችው። ፋይበር ይሉታል። የአንድ ዘር ገለባ ተፈጭቶ ነው፤ በውሃ በጥብጠው ከምግብ በፊት ይጠጡታል፤ ስኳርም ቅባትም ያወርዳል አለችው።

ሃያ ሁለት አካባቢ ይህን የምትሸጥ ሊሊ የምትባል ልጅ አለች። እዚያ ድረስ ሄዶ ገዛ። ልጅቷን እንዳይረግሟት እትዬ። “ጋሼ፣ ይሄ ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ኪኒንዎን እንዳያቋርጡ፣ ሐኪምዎንም ያማክሩ” ብላዋለች። እሱ ራሱ ድምጿን እያስመሰለ ነው የነገረኝ። ኪኒኑን አንድም ቀን አላቋረጠም። ሐኪሙን ማማከሩን ግን ተወው።

እቤት እንደገባ በብርጭቆ በጠበጠው። ትንሽ ሲያወራ ረጋበት፤ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳቀና “ይሄማ የእህቴ ተልባ ነው፤ ክራባት አስረው ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት እንጂ” አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሳይጠጣ ቀርቶ አያውቅም። ጾም ሲሆን እንኳ በሱሁርና በኢፍጣር ይጠጣው ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሰሚት አጠገብ ካለ ላቦራቶሪ ሄደ። ሐኪም ዘንድ አይደለም፤ ላቦራቶሪ። “ስኳርና ቅባት ብቻ እዩልኝ” አላቸው፤ የጠየቃቸውን አዩለት። ሁለቱም ቀነስ ብለው ነበር። ወረቀቱን ይዞ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፤ ከስንት ዓመት ወዲህ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለኔ አሳየኝ፣ ለናዲያ አሳያት፣ ወርዶ ለጥበቃው ሳይቀር አሳየው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ደስታ መስሎን ነበር። በሄደ ቁጥር ቁጥሩ እየወረደ መጣ። ወረቀቱን የሚኒባሱ መስታወት ሥር ይሰካዋል፤ መገናኛ ተራ ሲጠብቅ ሹፌሮቹ ይከቡታል። “ዶክተር ሙነወር” የሚል ስም አወጡለት። የሆስፒታል ቀጠሮው ሲደርስ “ጤነኛ ሰው ሆስፒታል ምን ይሠራል? የታመመ ተራ ይያዝበት” ብሎ ቀረ። እኔም ሂድ ብዬ አልተጨቃጨቅኩም። ለምን ልጨቃጨቅ? ሰውዬው ዓይኔ እያየ እየዳነ ነው።

ቦርጩ ጠፋ። ሱሪዎቹን አንድ በአንድ አጠበብኩለት። ልብስ ስፌቱ ላይ ተቀምጬ ሳንጎራጉር ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው “ባልሽ ወጣት ሆነ፣ ተጠንቀቂ” እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። መብላት ሲቀንስ “ዱቄቱ ያጠግባል” አለ። ሰውነቱን ሲያሳክከው ሳሙና ቀየርን። እግሩ ምሽት ላይ ሲያብጥ “መሪ ላይ መዋል ነው” አለ። “ምግቡ ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል” ሲለኝ ድስቱን ለሰው ሰጥቼ ሌላ ገዛሁ። ለሁሉም መልስ ነበረን እትዬ። አንዱን ከአንዱ ጋር ያያያዘ ግን ከመሀላችን አልተገኘም። እርስዎ ቢያዩት ኖሮ ያውቁ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ሳይመጣ ከረመ እንጂ።

ቁጥሩ ጤነኛ ሰው ዘንድ የሚገኘው ላይ ሲደርስ በግ ገዛ። ጎረቤት ጠራን፤ ሶደቃ አወጣን፤ ዱዓ ተደረገ። እኔም እጄን ዘርግቼ አላህን አመሰገንኩት። አለቀስኩም፤ የደስታ ለቅሶ። ያመሰገንኩበት ነገር ምን እንደነበረ ዛሬ ሳውቀው እጄን መልሼ መዘርጋት አቃተኝ። እሰግዳለሁ፤ ዱዓው ላይ ስደርስ ግን ቃሉ አይመጣልኝም። ይህን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም።

እርስዎም ስኳር ስላለብዎ የዱቄቱን ቆርቆሮ የላከልዎ ያን ሰሞን ነው። የድሮ ረዳቱ ገብረዋሕድ፣ እስከ ዛሬ በደሴ መስመር የሚሠራው፣ ይዞልዎ መጣ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ሲኤምሲ ጋ ሚኒባሱ መንገድ ሳተ። አካፋዩ ላይ ወጥቶ ቆመ። የተሳፈረው ሰው አንድም አልተጎዳ፤ እሱ ግን መሪው ላይ ተደፍቶ፣ በላብ ተነክሮ፣ ሲጠሩት አይሰማም። ተሳፋሪዎቹ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። እኔ ስደርስ ግሉኮስ በክንዱ እየገባለት ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀው ነርሷን ነው። “ስኳሬ ስንት ነው?” አላት። እንዲህ ወርዶ ሰው በሕይወት መቆየቱ እንደሚገርማት ነገረችው። ወንድምዎ ምን አደረገ መሰለዎት? ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ወረደልኝ ማለቱ ነው። ያቺ ፈገግታ ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ።

ዶክተር ዑቕባይ የሚባሉ ጠና ያሉ ሐኪም ናቸው የተቀበሉን። እግሩን ጫን ጫን አድርገው አዩ፤ ደሙን ለሌላ ምርመራ ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀመጡ። ሐኪም ወንበር ሲስብ ጥሩ ነገር እንደማይናገር ያን ቀን ተማርኩ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከሥራ ውጪ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም አሉን። ስኳሩ ለዓመታት ቀስ እያለ ሲበላቸው ኖሯል።

ሙነወር አልተቀበላቸውም። “ስኳሬ እኮ ወርዷል፤ ወረቀቱ መኪናዬ ውስጥ አለ” እያለ ይከራከራል። እሳቸው አልተቆጡም። የሚውጠው ኪኒን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል እንደነበር፣ ኩላሊቱ ሲደክም ኪኒኑ ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ስኳሩን ቁልቁል እንደነዳው በቀስታ አስረዱት። ቅባቱ የወረደውም ሰውነቱ ምግብ እምቢ ብሎ እያለቀ ስለሆነ ነው አሉ። እኔ ፈርቼ “ዱቄቱ ነው የገደለው?” አልኳቸው። ገና በሕይወት የተቀመጠ ሰው ፊት “ገደለው” አልኩ እትዬ፤ ከአፌ አመለጠኝ። ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ዱቄቱ ጥፋት የለበትም። ቅባትን ትንሽ፣ ስኳርን ትንሽ ያወርዳል፤ መጀመሪያ ላይ ያያችሁት የሱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ግን አያወርድም። ይህን ያህል ሲወርድ ለምን ወረደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልግ ነበር” አሉ።

ሙነወር ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገና ያበጡ እግሮቹን ብዙ ሰዓት ሲያያቸው ቆየ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለምንዎ ነገር አለ። ሳና እርስዎም ዱቄቱን እየጠጡ እንደሆነ፣ ስኳርዎ እንደ ወረደ፣ ቀሚስዎም እንደ ሰፋዎት በደስታ ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዱቄቱም በእውነት ረድቶዎት ይሆናል። ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ ደሴ ሄደው ኩላሊትዎን ይመርመሩ። “ስኳሬን እዩልኝ” ብለው አይመለሱ፤ “ኩላሊቴን” ይበሏቸው፤ የሚውጡትን ኪኒንም ይዘው ሄደው ያሳዩአቸው። ይህን እዚህ መሀል ላይ ያስገባሁት ቀጥሎ ያለውን ካነበቡ በኋላ ስለ ራስዎ ጤና እንደማያስቡ ስለማውቅ ነው። ሙነወርም የለመነኝ ይህንኑ ነው።

ለምን አልነገራችሁኝም ይሉኝ ይሆናል። እምቢ ያለው እሱ ነው። ዶክተሩ ከዘመድ አንድ ኩላሊት የሚሰጠው ከተገኘ ተስፋ እንዳለ ሲነግሩን እኔ ተመረመርኩ፤ ደሜ ከደሙ አልተስማማም። ናዲያ ልጅ ናት። የእርስዎን ስም ሳነሳ ከአልጋው ቀና አለና “እትዬ ከሰማች ነገ ላምበረት ናት፤ ኩላሊቷን በፌስታል ይዛ ነው የምትወርደው። አንዴ አዝላኛለች፤ ይበቃል” አለኝ። በአላህ ስም አስማለኝ። በኋላ ዶክተሩን ስጠይቃቸው ስኳር ያለበት ሰው ለመስጠት እንደማይፈቀድለት ነገሩኝ። ስለዚህ ባውቅ ኖሮ ብለው ራስዎን እንዳይወቅሱ። ቢያውቁም የሚያደርጉት ነገር አልነበረም። እኔም ለራሴ ይህንኑ እነግረዋለሁ፤ ሆዴ ግን አይሰማኝም።

ከዚያ የኩላሊት እጥበት ጀመረ። ሚኒባሱ ተሸጠ። በሳምንት ሁለቴ አብሬው እየሄድኩ ማሽኑ ደሙን አውጥቶ እየመለሰ ሲያጥበው አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ሲወጣ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ “አንቺ ከሥራሽ አትቅሪ፤ ብቻዬን እችላለሁ” አለኝ። አመንኩት። ቀን ቀን ለሰው እሰፋ ስለነበር ከሥራ መቅረቱ እኔንም ጎድቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ገብረዋሕድ ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። “ሙነወር እኔ ጋ ላምበረት ነው” አለኝ። ያን ሰዓት ማሽኑ ላይ መሆን ነበረበት። ታክሲ ይዤ ሄድኩ። መናኸሪያው ውስጥ የደሴው አውቶቡስ በሚቆምበት በኩል አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ረዳቶቹ “ደሴ! ደሴ!” እያሉ ሲጣሩ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እጥበቱን ካቋረጠ ሰንብቶ ኖሯል። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ቀጠሮው ተዛውሯል እያለ ሲዋሸኝ ከርሞ፣ በዚያ ሰዓት እየመጣ የሚውለው እዚያ ነበር።

ተቆጣሁት። ሰው ፊት ጮህኩበት። “ልትገድለኝ ነው ወይ?” አልኩት። እስክጨርስ ጠብቆኝ፣ ለእጥበቱ ክፍያ ቤቱን ልሸጥ እንደሆነ ለጎረቤታችን ስናገር በመስኮት እንደሰማኝ ነገረኝ። “እኔን ለትንሽ ጊዜ ለማጠብ ናዲያን ከቤቷ አታስወጪያትም። ኩላሊት ከየትም እንደማይመጣ አይተነዋል” አለኝ። ገብረዋሕድ ፊቱን አዙሮ ይጠርጋል። እኔ ተንበርክኬ ለመንኩት፤ ለአንድ ሳምንት ሄደልኝ። ከዚያ ተወው። እትዬ፣ ወንድምዎ ሲያቅፉት የሚያቅፍ፣ ሲቆጡት የሚስቅ ሰው ነው፤ አንዴ እምቢ ካለ ግን ተራራ ማለት ነው። ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ ያውቁታል።

“መንገዱ ሲከፈት እትዬ ጋ ውሰጂኝ” ይለኝ ነበር። ገብረዋሕድ የኋላውን ወንበር ሙሉ ሊይዝለት፣ ፍራሽ ሊያነጥፍለት ተስማምተን ነበር። ዕቃውንም አዘጋጅቼ ነበር። ቅዳሜ ሊሄድ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሳሎን ጋደም ብሎ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ናዲያ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ይዛ፣ ፈተና ላይ ስላመለጧት ጥያቄዎች ታወራለታለች። “መልሱን ታውቂዋለሽ፤ ስለቸኮልሽ ነው” ሲላት ሰማሁ። እርስዎ ጋ ተጎሳቁሎ እንዳይደርስ ጢሙን ላስተካክልለት ውሃ አሙቄ መጣሁ። “ቆይ ትንሽ” አለኝ። ትንሽ ቆየሁ። ውሃው በረደ፤ ሄጄ እንደገና አሞቅኩት። ስመለስ ናዲያ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ “ተኛ” አለችኝ። እኔም እንዳልቀሰቅሰው ሳህኑን አስቀምጬ ከጎኗ ተቀመጥኩ። በኋላ የልጄን እጅ ከእጁ ውስጥ ለማውጣት ብዙ ታገልኩ።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልዎ ገብረዋሕድ ነው። ብቻውን አይደለም፤ የመስጊዳችን ሼህ አብረውት አሉ፤ የሐይቅ ሽማግሌዎችም ይጨመራሉ። አንብበው እስኪጨርሱ ደጅ ይቆማሉ፤ ሲጨርሱ ያስገቧቸው። ገብረዋሕድን አይቆጡት፤ ያንን የኋላ ወንበር ባዶውን ይዞት ነው የመጣው፤ ሰው አላስቀመጠበትም።

እርስዎን ሳንጠብቅ ስለቀረን አውፍ ይበሉን። መጠበቅ እንደማይቻል ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ያረፈበት ቦታ ጥሩ ነው፤ ዛፍ አለው፤ ሲመጡ ናዲያ ትወስድዎታለች።

እኔ ራሴ መጥቼ እግርዎ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ግን የሐዘኔ አራት ወር ከአስር ቀን ሳይሞላ ከቤቴ ልወጣ አልችልም።

አላህ ለእርስዎም ለኔም ሰብሩን ይስጠን። እርስዎን ለናዲያ ያቆይልን፤ ሌላ የአባት ወገን የላትም። ደጅዎን በመልካም ሰው ይሙላው።

ምንጊዜም፣
የወንድምዎ ሚስት